ከኋላ የሚሮጥ ኮቴ

«ወደ ኋላ እያየህ ነው የወደቅከው» አለችው አዮ ፋዱሞ።

ሹክሪ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተዘርግቷል፤ ቀኝ እግሩ ጭኗ ላይ ነው። ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት አውራ ጣቶቿ መሃል ይዛ በሰሊጥ ዘይት ታሸዋለች።

«ድንጋይ ነው አልኩሽ እኮ፣ አዮ።»

«ድንጋይ የመታው ሰው ጥፍሩ ይነሳል። ያንተ ጥፍር የሙሽራ ጥፍር ነው። ገላህ ወደ ፊት ይሮጣል፣ አንገትህ ወደ ኋላ ዞሯል፣ እግርህ የትኛውን ይስማ? ጉድጓድ ገባልሃ። ምን አይተህ ዞርክ?»

«ምንም።»

ጅማቱ ከጣቶቿ ሥር ክርር አለ። ሹክሪ ራሱ ተሰማው። እሷ ግን ዘይት ጨመረችና ማሸቷን ቀጠለች።

በድሬ ዳዋው መጋላ ሰፈር ትልቅ ትንሹ «አዮ» እያለ የሚጠራት ይህች ሴት ወጌሻ ናት። ወጌሻ የሚለው ቃል እንኳ ያንሳታል። ከአይሻ እስከ አሰበ ተፈሪ፣ በሐዲዱ ግራና ቀኝ፣ የተሰበረና የወለቀ ሰው ሁሉ እሷ ደጅ ሳይደርስ አልዳነም። ከጭነት ባቡር ላይ የወደቀ ወዛደር በአንሶላ ተጠቅልሎ መጥቶ፣ በማግስቱ በዚያው አንሶላ ዕቃ ቋጥሮ ተሸክሞ ሄዷል። ግመል ሳይቀር አሽታለች፤ ግመሉ ድኖ ሲያበቃ ባለቤቱን አልከተልም ብሎ ሦስት ቀን በሯ ላይ ተኝቶ ነበር። ያየው ሰው ቢሰበሰብ ስታዲየም ይሞላል።

አንድ ሕግ ነበራት። አወዳደቁን ያልነገራትን ሰው አታሽም። ሰውየው እንዴት እንደወደቀ ያወራል፣ እጇ እያሸ ያዳምጣል። እውነቱን ሲናገር ሥጋው ይላላል፤ አንድ ነገር ዘሎ ሲያልፍ ሥጋውም አብሮ ይሸሻል፤ ሕመሙ ያለው እዚያ ነው ትላለች። ከዛፍ ወደቅኩ ያላትን አንድ ሌባ፣ አጥር ሲዘል መውደቁን ብቻ ሳይሆን አጥሩ የማን እንደሆነ ጭምር በእጇ አውቃ ነግራዋለች።

ስለዚህ ሹክሪ እግሩን ጭኗ ላይ ባሳረፈ ቁጥር የሚፈራው ሕመሙን አልነበረም። አንዲት ጥያቄን ነበር። ዛሬም አልቀረችም።

«ያንን ቀን ደግሞ ንገረኝ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሹክሪ ዓመት ሙሉ በቃሉ የያዘውን ደገመላት። እኔ ከፊት ነበርኩ። ሲወድቅ አላየሁትም። ድምፅም አልሰማሁም።

ጅማቱ እንደገና ክርር አለ።

የምትጠይቀው ስለ ልጇ ስለ አብዲቃድር ነበር፤ እሱ ብቻ ነው አዮ ሳይሆን በሶማልኛ «ሁዮ»፣ እናቴ፣ እያለ የሚጠራት።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ በሰባ ስምንት ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የከተማው ልጆች የተራራ ሩጫ ይሮጣሉ። የዛሬ ልጅ ሩጫ ሲባል አስፋልት ይመስለዋል። ይህኛው ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይነሳል፣ በፍየል መንገድ ተራራውን ይወጣል፣ ቢዮ አዋሌ ይደርስና በዚያው መንገድ ተመልሶ ሳቢያን ሰፈር ላይ ያልቃል። የስፖርት መምህሩ ቲቸር ወልደጻድቅ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ፤ የሮጠው ሁሉ ግን ከስልሳ አንዲት ስንዝር እንደማትጎድል ይምላል። ዳገቱ ፍየልን ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ያሳርፋል። ፀሐዩ ከግንባር የተነሳ ላብ አገጭ ሳይደርስ ያደርቃል።

ቢዮ አዋሌ ላይ አንድ የቀበሌ ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል። የደረሰ ልጅ ክንዱን ሲሰጠው፣ ሐምራዊውን የቀበሌ ማህተም ቆዳው ላይ ይመታለታል። ያ ማህተም የሌለው ልጅ እየበረረ ሳቢያን ቢገባ አይቆጠርለትም።

ለዋንጫ የሚሮጥ ግን አልነበረም። እስከ አሥረኛ የወጣ ልጅ በከተማው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስፖርት ክለብ ይመዘገብና የአንድ ዓመት መታወቂያ ይሰጠዋል። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። አፈሳ በመጣ ቀን ከሲኒማ ደጅ፣ ከቀፊራ ገበያ፣ ከኳስ ሜዳ ወንድ ልጅ እየታፈሰ መኪና ላይ ይጫናል። በወረቀት የሚፈለገው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ነው፤ መኪናው አጠገብ ግን ዕድሜ የሚለካው በቁመት ነው። ሹክሪ ዕድሜው አሥራ ስድስት ሆኖ ቁመቱ የሁለት ልጆች አባት ይመስላል። የክለብ መታወቂያ ያሳየ ልጅ ይለቀቃል። ያላሳየ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይሄዳል።

ባለፈው ዓመት ሹክሪና አብዲቃድር አብረው ሮጡ። አንድ ሰፈር ተወልደው፣ አንድ ክፍል ተምረው፣ አንድ ዳገት ላይ ሳንባቸውን ያሰፉ ልጆች ናቸው። ሹክሪ ሸራ ጫማ ነበረው፤ አብዲቃድር ከጎማ በተቆረጠ በረባሶ ነው የሮጠው። የግራው ማሰሪያ ስለላላ አንዱ እግሩ ጠፍ ሲል ሌላው ጧ ይል ነበር። ሹክሪ ዞር ሳይል በዚያ ድምፅ ብቻ ጓደኛው ስንት እርምጃ ከኋላው እንዳለ ያውቃል።

ከቢዮ አዋሌ መልስ ቁልቋሉ ስርጥ የሚባል ቦታ አለ። ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። እዚያ ሲደርሱ ሹክሪ ዘጠነኛ፣ አብዲቃድር አሥረኛ ነበሩ። ከኋላ ሌሎች ልጆች እየደረሱባቸው ነው። ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። የበረባሶው ጠፍ ጧ ቆመ። ከዚያ አብዲቃድር ተጣራ።

ሹክሪ ሰማ። ያ ስርጥ ሹክሹክታን እንኳ ተቀባብሎ ከታች የሚያደርስ ነው። ሰማና አልቆመም። ከኋላ ያሉት ያነሱታል ብሎ ለራሱ ነገረው፤ እየነገረውም ይሮጥ ነበር። ዘጠነኛ ገባ።

አብዲቃድር በአንድ እግሩ እየዘለለ አሥራ አራተኛ ወጣ። ሹክሪ ለመታወቂያ ፎቶ ከተሰለፉት መሃል ሆኖ ከሩቅ አየውና ጫማውን እንደሚያስር ሰው አጎነበሰ። ቀና ሲል አብዲቃድር ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሯል። ከሳቢያን መጋላ ሳይደርስ መኪናዋ መጣች። እግር ያለው ሁሉ ሮጦ አመለጠ። አብዲቃድር አንድ እግር ብቻ ነበረው።

ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። የድሬ ዳዋ ሰው ሁሉ አወዳደቁን እጇ ላይ ሲያወርድላት ለኖረችው ለአዮ ፋዱሞ፣ ያልተነገራት አወዳደቅ ያ አንዱ ብቻ ሆነ። ሹክሪን ባገኘችው ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ ሹክሪም ያንኑ ይመልሳል።

ኮቴው የጀመረው በሳምንቱ ነው። ሹክሪ ብቻውን ሊለማመድ ወደ ተራራው ሲሮጥ ከኋላው ጠፍ፣ ጧ፣ ጠፍ፣ ጧ። ዞረ። ማንም የለም፤ አቧራው እንኳ የራሱ ብቻ ነው። እሱ ሲቆም ኮቴውም ይቆማል፤ ግን ወዲያው አይቆምም፣ እንደ ደከመ ሰው ሁለት እርምጃ ጨምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ቦንቧ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ደቻቱን ሲሻገር ይከተለው ጀመር። አሸዋ ላይ ኮቴ አይጮህም። ያ ኮቴ ይጮሃል። ለእናቱ ለቱሪያ አልነገራትም፤ ብትሰማ ቁርዓን እንዲቀራበት ሼህ ጋ ሳትወስደው አታድርም ነበር።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ፣ ሩጫው አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ ተራራው ግርጌ ላይ ኮቴው ድንገት ቀረበው። እስትንፋስ ጭምር ሰማ። ሲዞር እግሩ ጉድጓድ ገባ፤ ከተረከዙ በላይ የሆነ ነገር እንደ እርጥብ ገመድ ተወጠረና ጮኸ።

ጤና ጣቢያው ቅባት ሰጥቶ ስድስት ሳምንት ተኛ አለው። ስድስት ሳምንት ቢተኛ ሩጫው ያልፋል፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ መታወቂያው ይሞታል። በከተማው እግሩን ሊያድንለት የሚችል ሰው አንድ ነው። ዐይኑን ማየት የማይፈልገው ሰውም አንድ ነው። ሁለቱም አዮ ፋዱሞ ናት። ሄደ።

አልቀየመችውም፣ አልመለሰችውም፤ ለድካሟ ምንም አልተቀበለችውም። በአንድ ሳምንት ቆመ። ሹክሪ ግን ዳንኩ ብሎ ተደብቆ ዳገት ወጣና እግሩ እንደ ዱባ አብጦ ተመለሰ። እንደገና ከዜሮ ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ሲወርድ ዳግም ከዳው። ቲቸር ወልደጻድቅ ስሙን ከዝርዝሩ ልሰርዝ ነው ብለው አስፈራሩት፤ ለምኖ አስተዋቸው። የክፍል ጓደኛው ጉግሳ ደግሞ እንዲህ ያለውን ቀን የሚያሳልፍ ልጅ አይደለም። የከዚራ ሰፈር ልጅ ነው፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፤ አፉ ከአባቱ ባቡር ይፈጥናል።

«አቦ ሹክሪ፣ ይህቺን እግር ለሙዚየም አስረክባት» ይለዋል በሰው ፊት። «ቱሪስት ይከፍልባታል።»

ሹክሪም አንተን ለመቅደም አንዷ ትበቃኛለች ብሎ ይመልስለትና ይሳሳቃሉ። ጉግሳ ቀልዶ ሲያበቃ ግን ቦርሳውን ተሸክሞለት ደቻቱ ድረስ ይሸኘዋል።

የሩጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አዮ ፋዱሞ ለመጨረሻ ጊዜ አሸችው። ረጅም ሰዓት ከሠራች በኋላ እጇን አነሳች።

«ዳገቱን ያወጣሃል» አለች። «ቁልቁለቱን አላውቅም። አንድ ቦታ አልላላ ብሎኛል። አምስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ስደርስ ይሸሸኛል። የቀረ ነገር አለ፣ ሹክሪ?»

ቃሉ ጥርሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ሰምቼው ነበር ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል። ከዚያስ? ልጇን ትቶ የሮጠውን እግር የትኛዋ እናት ታሻለች? በሩን ትዘጋበታለች፣ እግሩ እስከ ጠዋት ይደርቃል፣ መታወቂያው ይሞታል፣ መኪናዋ ትመጣለች። ሁለት ቃል ብሎ ሰሜን መሄድ።

«የለም» አላት።

አዮ ፋዱሞ ዘይቱን ከደነችና እግሩን በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችለት። እጇ አልጠነከረበትም። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራው።

በማግስቱ ጠዋት ደቻቱ አሸዋ ላይ ከተማው ተገልብጦ ወጣ። የተመዘገበው ስልሳ ልጅ ነው፤ ያስነሳው አቧራ ግን የስድስት መቶ ነበር። ፊሽካው ተነፋ፣ አሸዋው ተረጨ፣ ጉግሳ ገና ከመነሻው ማነው ወንዱ እያለ መሃል ለመሃል ሰነጠቀ። ሹክሪ ተረጋግቶ ጀመረ። እግሩ ዝም አለ። የመጀመሪያውን ዳገት ወጣ፣ ዝም አለ። ሁለተኛውን ወጣ፣ ዝም አለ። ሰው ሁሉ በእጁ ጉልበቱን እየገፋ በሚወጣው ዳገት ሹክሪ ጉግሳን ጨምሮ አሥራ ሰባት ልጅ አለፈ፤ ካለፋቸው አንዱ ቆሞ እያስመለሰ በእጁ ሰላም አለው።

ኮቴው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ጆሮውን ቢያቆም የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ደስ አለው። ቢዮ አዋሌ ደርሶ ክንዱን ሲዘረጋ ግን ደስታው ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ዓመት የተከተለው ነገር ዛሬ የቀረው ለምንድን ነው? ደክሞት ነው? ወይስ ቀድሞት ሄዶ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀዋል?

«ሰባተኛ» አለው የቀበሌው ሰው፣ ማህተሙን ክንዱ ላይ እየመታ። «ውሃ ጠጣና ንካው።»

ቁልቁለቱ ሲጀምር ጅማቱ ነቃ። በየእርምጃው አንድ አንድ መርፌ ይወጋዋል። ሹክሪ ጥርሱን ነክሶ ርምጃውን አሳጠረ። አንድ ልጅ አለፈው፤ ስምንተኛ ሆነ። ቁልቋሉ ስርጥ አፉን ከፍቶ ታየው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ድንጋዩ ውስጥ ግን ጥላ አለ። ገባ። የራሱ ኮቴ ከግራም ከቀኝም ተመለሰለት።

ከዚያ ከኋላው ሰማው።

ሌላ ኮቴ ነው፤ ይፈጥናል፣ ይቀርባል። ሹክሪ አልዞርም አለ። አንገቱን እንደ ግንድ አደረቀ። ዐይኑን ፊቱ ያለው ድንጋይ ላይ ተክሎ ሮጠ። ኮቴው ቀረበ፣ እስትንፋሱ ቀረበ፣ ትከሻው ጋ ደረሰ፤ ሹክሪ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ሸሸና እግሩ ጠመም ብሎ አረፈ። ጅማቱ ያንን ጩኸቱን ጮኸ። በጉልበቱ ወደቀ፣ በእጁ ድንጋይ ያዘ፣ እጁም ተላጠ።

ያለፈው ጉግሳ ነበር። ሥጋና ደም ያለው፣ በላብ የራሰ ጉግሳ። ድሮም ሸራ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ጠፍ ጧ የሚል ነገር የለውም።

«ጉግሳ» ብሎ ጠራው ሹክሪ። «እግሬን።»

ጉግሳ አሥር እርምጃ አልራቀም። ሹክሪ ሁሉንም አየ። ቃሉ ስርጡን ይዞ ሲሄድ፣ ጉግሳ ጀርባ ላይ ሲደርስ፣ ትከሻው ድንጋይ እንደተወረወረበት ሰው ወደ ጆሮው ሽቅብ ሲል። አንድ እርምጃው ተዛነፈ። ከዚያ አቀና፣ ሩጫውን ጨመረ፣ ታጠፈ፣ ጠፋ።

ሹክሪ ድንጋዩ ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ሕመሙ ሳይሆን ያ ትከሻ ነበር የያዘው። አብዲቃድርም እዚህ ሆኖ፣ ከዚህ ድንጋይ ሥር፣ የእሱን ትከሻ አይቷል ማለት ነው። ዓመት ሙሉ፣ ስሸሽ አላየኝም፣ ምናልባትም አልሰማኝም ብሎ አስቦ ይሆናል እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ከዚህ ቦታ ማንም ያንን ሊል አይችልም።

ከኋላ የመጣ የማያውቀው ልጅ በብብቱ ይዞ አነሳው፣ አቧራውን በሁለት መዳፉ አራገፈለት፣ በኦሮምኛ አይዞህ ብሎት ሮጠ። ሹክሪ የቀረውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም። በግራ እግሩ ሮጠ፣ በቀኙ ተጎተተ። ሰው ተራራ የሚያንቀሳቅስ ነገር አይቻለሁ ሲል የሚዋሽ ይመስላል፤ ያንን ልጅ ያን ቀን ሳቢያን ሲገባ ያየ ግን ከዚያ ወዲያ ማንንም ዋሸህ አላለም። አሥራ አንደኛ ወጣ። በአንድ ሰው ቀረ።

ጉግሳ ዘጠነኛ ነበር። ፎቶ ከሚነሱት ተነጥሎ መጣና ከፊቱ ቆመ። ዛሬ ቀልድ አልነበረውም።

«እኔ ከፊት ነበርኩ» አለ፣ የሹክሪን ጆሮ እንጂ ዐይኑን ሳያይ። «ስትወድቅ አላየሁህም። ድምፅም አልሰማሁም፣ ዋላሂ።»

ሹክሪ ጀርባው በረደው። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው፤ በረደው። ቃሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ አንዲት ሳትቀር፣ በቅደም ተከተሏ። ማንም አላስተማረውም፤ ራሱ ነው ያገኘው። ሊሰድበው ፈለገና ስድቡ ለራሱ ሆነበት።

«ሂድ ፎቶህን ተነሳ» አለው ብቻ። «ይጠሩሃል።»

ቲቸር ወልደጻድቅ ወረቀታቸውን ይዘው የመጡት ያኔ ነው። ስድስተኛ የወጣው ልጅ ክንድ ላይ ማህተም እንዳልተገኘ ነገሩት። ልጁ በላብ ለቆብኝ ነው ብሎ ቢምልም ስድስተኛ ሆኖ ቢዮ አዋሌን የረገጠውን ልጅ የቀበሌው ሰው ያውቀዋል፤ እሱን አይደለም። ስለዚህ ተሰርዟል፣ ሹክሪ አሥረኛ ሆኗል። ግን ክለቡ አንካሳ አይመዘግብም። አሥራ አምስት ቀን ሰጥተውታል፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሜዳውን ሳያነክስ አራት ዙር ከዞረ መታወቂያው የእሱ ነው። ካነከሰ ለቀጣዩ ልጅ ይሰጣል።

«ወጌሻህ ጎበዝ ናት ይባላል» አሉት። «ዛሬውኑ ሂድላት።»

ባለጋሪው የሹክሪን እግር አይቶ በነፃ አሳፈረው። ፈረሱ መንገዱን ሙሉ ዱብ ዱብ ሲል ሹክሪ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር። ትናንት ዝም ያለው ነገ ስለሚሮጥ ነው። ዛሬም ዝም የሚልበት ምክንያት አለ፤ ያውም አሥራ አምስት ቀን የሚበቃ። ከዚያ በኋላም ሌላ ኅዳር ይመጣል። መጋላ መግቢያ ላይ ባለጋሪው ወደ ወጌሻዋ ነው ወደ ቤት ብሎ ጠየቀው። ሹክሪ ወደ ወጌሻዋ አለው።

በሩ ክፍት ነው። አዮ ፋዱሞ ሲያነክስ አይታው ምንም ሳትል ምንጣፉን አራገፈች፣ የዘይቱን ጠርሙስ አነሳች።

«ዘርጋው።»

ሹክሪ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እግሩን ግን አልሰጣትም፤ አጥፎ ከሥሩ ወሸቀው። ሕመሙ አናቱ ድረስ ወጣ።

«ዘርጋው እንጂ ልጄ። ሳይደርቅ።»

«መጀመሪያ ልንገርሽ፣ አዮ። ከነገርኩሽ በኋላ ካልፈለግሽ አታሺውም።»

እጇ የጠርሙሱ ክዳን ላይ ቀረ።

«አብዲቃድር ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ» አለ ሹክሪ። «አልሰማሁም ያልኩሽ ውሸት ነው። ሰማሁና አልቆምኩም።»

ከውጭ የሰው ሬዲዮ ስለ ምርት ዘመቻ ያወራል። ዶሮ ገብታ ወጣች። አዮ ፋዱሞ ክዳኑን ከፈተችው፣ መልሳ ገጠመችው፣ ጠርሙሱን አጠገቧ አስቀመጠችው። ሹክሪ ውጣ እስክትለው ጠበቀ።

«እግርህ ነግሮኛል» አለች በመጨረሻ። «ገና በመጀመሪያው ቀን ነው የነገረኝ። ቃሉን ግን እግር አይነግረኝም። ዓመት ሙሉ የምጠይቅህ እሱን ነበር። ልጄ ምን አለ?»

ሹክሪ ይህንን አልጠበቀም። ለዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ በእጁም በትራሱም አፍኖ ሲያጠፋ ነው የኖረው። አሁን ሊያወጣው ሲፈልግ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

«ሁለት ጊዜ እኔን ጠራ። ሹክሪ፣ ሹክሪ ብሎ። ሦስተኛው እኔን አልነበረም። እኔ አልፌ ሄጄ ነበር። አንቺን ነው የጠራው። ‹ሁዮ› ነው ያለው።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ከፍ አድርጎ።»

«እንዳለው በለው።»

ሹክሪ አፈረ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል። ፊቷን አየ፤ የሚጠብቅ ፊት ነው፣ ሻሿን ከጆሮዋ ላይ በእጇ ወደ ኋላ ገፍታዋለች። ዐይኑን ጨፈነ። ያንን ስርጥ አሰበ፣ ያንን ድንጋይ፣ ከሥሩ ሆኖ የሚታየውን ትከሻ። ከዚያ ድምፁን አንስቶ፣ ልክ እንደሰማው፣ መጨረሻው ላይ ሳብ አድርጎ ጠራ።

«ሁዮ…»

አዮ ፋዱሞ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ፊቷን ከሹክሪ ወደ በሩ፣ ከበሩ ውጭ ወዳለው ተራራ መለሰች።

«ወዬ» አለች።